ቡሃቃ ውስጥ የተቀመጠ ምስማር

አንድ አናጢ ነበር፤ ስሙ ቢያድግልኝ ይባላል። የሠራው ጠረጴዛ አይነቃነቅም፣ የሠራው ወንበር ከአባት ለልጅ ይተላለፋል። በእጁ ሥራ ማንም አያማውም። የሚታማው በአንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ያደረ ምግብ አይበላም። ወጡ የትናንት መሆኑን ከጠረጠረ ሰሃኑን ገፋ አድርጎ ይነሳል።

ሚስቱ አሰገደች ክርክር አትወድም። ለእሱ በየቀኑ አዲስ ትሠራለች። የተረፈውን እንጀራ ቆራርሳ ፀሐይ ላይ ታሰጣውና ሲደርቅ ድርቆሹን በአንድ ከረጢት ታጠራቅመዋለች። ከረጢቱ ጓዳ ውስጥ ምስማር ላይ ይንጠለጠላል። ባሏ አልፎ አልፎ ዓይኑ ሲያርፍበት ይቀልድባታል።

«ምነው፣ ረሃብ ይመጣል ብለው ነገሩሽ እንዴ?»

«ቤት ያለ ነገር አይጠላም» ትለውና ወደ ሥራዋ ትመለሳለች።

እንዲህ ሆነው ሠላሳ ዓመት ኖሩ። ልጅ አልነበራቸውም። አንድ ክረምት አሰገደች ታመመች፤ መስከረም ሳይጠባ ሞተች።

በኀዘኑ ሰሞን ቤቱ ሰው አላጣም። ጎረቤት በየተራው ምግብ እየያዘ ገባ፣ አስተዛዘነ። የአርባው ዕለት የሰፈሩ ሴቶች በሟቿ ጓዳ ጋግረው፣ ሠርተው፣ ለቀስተኛውን አብልተው፣ ዕቃውን አጣጥበው ሄዱ። ከዚያ ሁሉም ወደየኑሮው ተመለሰ። ጥፋቱ የማንም አይደለም፤ ለጎረቤት ኀዘን አርባ ቀን ነው። ለቢያድግልኝ ግን ገና ያኔ ጀመረ።

መጀመሪያ ምግብ ቤት ሄደ። በግራ በቀኙ ያሉት ሰዎች ይጎራረሳሉ፤ እሱ አንድ ሰሃን ታቅፎ ግድግዳ እያየ ይበላል። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» የሚለው ተረት ድሮ ስለ ንፉግ የተነገረ ይመስለው ነበር። አሁን ስለ እሱ መሰለው። ሦስት ቀን ሄዶ ተወው።

አንድ ቀን ጎረቤቱ ጥሩአየር እንጀራ በሰሃን ሸፍና መጣች።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አላት። «ግን እኔ ከአሰገደች እጅ ሌላ አልለመድኩም።»

ጥሩአየር ሰሃኗን ይዛ ተመለሰች። አልተቀየመችም፤ ሁለተኛ ግን አላመጣችም።

ያን ዕለት ራሱን አጀግኖ ጓዳ ገባ። ወንድ ልጅ ጓዳ ምን ይሠራል ተብሎ ያደገ ሰው ነው፤ ምስማር ለመምታት ካልሆነ ገብቶ አያውቅም። ጥግ ላይ ሊጥ የሚቦካበት ቡሃቃ አለ። ክዳኑን ሲያነሳው ከታች ነጭ ዝቃጭ፣ ከላይ ቢጫ ውሃ ያቀረረበት፣ ሽታው ኮምጣጣ የሆነ ነገር አገኘ። «ይሄማ ተበላሽቷል» አለና አውጥቶ ቦይ ውስጥ ደፋው። ቡሃቃውን በአሸዋ ፈትጎ አጠበው። ዕቃው ጥሩ ነው፣ ባዶውን ከሚቀመጥ ብሎ ምስማሮቹን ሞላበት። በሙያውም ኮራ።

ከዚያ ከረጢቱን አወረደ። የመጀመሪያ ቀን ድርቆሹን በቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፎ ቆየና ቡኮ አደረገው፤ በርበሬውን ከላይ ነሰነሰበት። ጅብም አይቀምሰው፣ እሱ ግን በላው። በማግስቱ ሽንኩርቱን አሳረረው። በሦስተኛው ቀን ሲከትፍ እንባው ወረደ። «ሽንኩርቱ ነው» አለ፣ የሚሰማው ሰው ባይኖርም።

ቀስ በቀስ እጁ ተፍታታ። ሽንኩርቱ ሳይቸኮል መቁላላት እንዳለበት፣ በርበሬው እንዳያር ጠብታ ውሃ እንደሚፈልግ፣ ድርቆሹ መጨረሻ ላይ ገብቶ ቶሎ መውጣት እንዳለበት በራሱ ስህተት ተማረ። መጠን ግን እምቢ አለው። ሁልጊዜ የሁለት ሰው ይሆንበታል። የተረፈውን መጣል አሳዘነውና በማግስቱ አሙቆ በላው። ያደረ ምግብ ሲበላ የመጀመሪያው ነበር፤ ጣፈጠው። እንዲያውም የአሰገደች ጣዕም ነበረው፤ ጉርሻውን እንደያዘ ለረጅም ጊዜ ቆየ።

አንድ ቀን እሳቱ አጠገብ መቀመጫ ሲፈልግ ከመደርደሪያው ሥር አንድ ጉማጅ ግንድ ሳበ። ያውቀዋል። ከዓመታት በፊት ከሥራው የተረፈ፣ ለማገዶ ብሎ የጣለው ነው። ላዩ ለስልሶ፣ መሃሉ ጎድጎድ ብሏል። አናጢ እንጨት አይስትም፤ እንዲህ የሚለሰልሰው ሰው ለብዙ ዓመት ሲቀመጥበት ነው። ከግንዱ አጠገብ ጠርዟ የተሸረፈ አንዲት ትንሽ ሰሃን ተደፍታለች።

ያኔ ገባው። አዲሱን ምግብ ለእሱ አቅርባ «አንተ ብላ፣ እኔ በኋላ» እያለች የምትሄደው እዚህ ነበር። እሱ የናቀውን ያደረ ምግብ እዚህ ተቀምጣ ብቻዋን ትበላው ነበር። ለከተማው ሁሉ ወንበር ሲሠራ የኖረ ሰው ለገዛ ሚስቱ አንዲት በርጩማ አልሠራላትም። ቢያድግልኝ ግንዱ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ፤ በዚህ ጊዜ በሽንኩርት አላሳበበም።

ከረጢቱ ግን እየጎደለ ሄደ። ሁለት እፍኝ ሲቀረው አንጠልጥሎ ተወው። ይህ ካለቀ በዚህ ዓለም ላይ ከእጇ የወጣ ነገር አይኖርም ብሎ ፈራ። ደረቅ ዳቦ እየበላ ሰነበተ፤ ጉንጩ ገባ፣ መዶሻው ከበደው።

ጥሩአየር ሳምንት ሙሉ ከጓዳው ጭስ ባለማየቷ መጥታ በሩን አንኳኳች።

«ጋሽ ቢያድግልኝ፣ ምን እየበሉ ነው?»

«ዳቦ አለ።»

«ያ የተንጠለጠለውስ?»

«እሱ አይነካም። የአሰገደች እጅ የመጨረሻው ነው።»

ጥሩአየር ከረጢቱን አውርዳ በሰፌድ ላይ ገለበጠችው። ግማሹ ነቅዞ ዱቄት ሆኗል።

«አዩ? ድርቆሽም ይነቅዛል። ለመሆኑ እርሾውን የት አደረሱት? የአርባው ለት ራሴ ቡሃቃው ውስጥ አስቀርቼልዎት ነበር፤ አንድ ቀን የሚጋግርልዎ ሰው ቢያገኙ ብዬ።»

«የምን እርሾ?»

«አሰገደች ሠላሳ ዓመት ከሊጥ ሊጥ እየቀጠለች ያቆየችው፤ ውሃው ከላይ ቢጫ ሆኖ የሚያቀር።»

ቢያድግልኝ ወደ ቡሃቃው አየ። ጥሩአየር የቡሃቃውን ክዳን አነሳች፤ ምስማር ነው።

«ደፋሁት» አለ። ድምፁ እንደ ልጅ ድምፅ ቀጠነ። «ሠላሳ ዓመት ከሊጥ ሊጥ እየተቀጠለ የመጣውን በገዛ እጄ ቦይ ውስጥ ደፋሁት።»

ጥሩአየር ወጣች። ተቀይማ የሄደች መሰለው። ጥቂት ቆይታ ግን አንድ ጣሳ በሁለት እጇ ይዛ ተመለሰች፤ ውስጡ ቢጫ ውሃ አቅርሯል።

«ያንቺ ነው?» አላት።

«የአሰገደች ነው። የዛሬ አራት ዓመት ሊጤ አልቦካ ሲለኝ ከእሷ ወሰድኩ። ከእኔ ምራቴ ወሰደች፣ ከምራቴ እናቷ። በዚህ ሰፈር የእሷ እርሾ ያልገባበት ቤት ቢፈልጉ አያገኙም። ለጠየቃት ሁሉ ትሰጥ ነበር።» ከዚያም ጨመረች። «ያን ለት የመለሱብኝ እንጀራም እኮ በሷ እርሾ የቦካ ነበር።»

ቢያድግልኝ ምስማሮቹን አንድ በአንድ ከቡሃቃው ለቀማቸው። ዕቃውን በንጹሕ ውሃ አለቅልቆ አቀረበላትና ጥሩአየር እርሾውን ገለበጠችለት።

«ሊጥ አቡክተው በጋገሩ ቁጥር ጥቂት ማስቀረት አይርሱ» አለችው። «የሚጠይቅም ከመጣ ይስጡ።»

ከዚያ ያልነቀዘውን ድርቆሽ ለይቶ እሳት አነደደ። የመጨረሻውን ፍርፍር ሠራ። ጥሩአየርን ወንበር ላይ አስቀምጦ መጀመሪያ አጎረሳት፤ እሱ ግንዱ ላይ ተቀመጠ። ጥሩአየር «ባለሙያ ሆነዋል» ስትለው ሳቀ። ከረጢቱ ባዶ ሆነ።

በማግስቱ አንዲት በርጩማ ሠራ። ከሠራቸው ሁሉ የምታምር ናት፤ መቀመጫዋን አለስልሶ፣ ለወገብ መደገፊያ አበጅቶላታል። ጓዳ ውስጥ እሳቱ አጠገብ አስቀመጣት። እርሾ ፍለጋ የሚመጡ ጎረቤቶች «ምን ታምራለች!» ይላሉ። ይቀመጡባት ዘንድ ሲጋብዛቸው ግን ነገሩን ስለሚያውቁ አይደፍሩም። እሱም ግንዱን አልቀየረም። ማታ ማታ በርጩማዋን እያየ ይበላል።

ይህን ታሪክ የሚሰማ ሰው ብዙውን ጊዜ እርሾውን ይዞ ይሄዳል። ልክ ነው፤ አሰገደች የሰጠችው በሰፈሩ ሁሉ ሲኖር፣ ባሏ የሰሰተለት ከረጢት ውስጥ ነቀዘ። የሰጡት ነገር ይከርማል፤ የሰሰቱለት ይበላሻል። እኔን ግን የሚከነክነኝ በርጩማዋ ናት። እንጨቱም፣ መጋዙም፣ ሙያውም ሠላሳ ዓመት ሙሉ እጁ ላይ ነበሩ። ጎደለ የሚባለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጓዳ ገብቶ «አንቺስ ምን ላይ ተቀምጠሽ ትበያለሽ?» ብሎ መጠየቅ። ፍቅር ካለን የምንወደው ሰው ሊቀመጥበት በሚችልበት ሰዓት እንሥራለት፤ ከሞት በኋላ የተሠራ በርጩማ ማንንም አያሳርፍም።

እርስዎ ቤትስ «እናንተ ብሉ፣ እኔ በኋላ» የሚለው ማን ነው? ከዚያ በኋላ የት ሄዶ፣ ምን ላይ ተቀምጦ እንደሚበላ አይተው ያውቃሉ?