የወይዘሮ ማንጠግቦሽ አንድ ብልቃጥ ደም

በአንድ ወቅት፣ ያውም ብዙ ሳይርቅ፣ ደሴ ላይ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ የሚባሉ ሹሩባ ሠሪ ነበሩ። አርባ ዓመት ሙሉ የሰው ፀጉር ሲሠሩ ኖረዋል። በሰፈሩ እሳቸው ሳይሠሯት ያገባች ሙሽራ ካለች ከሌላ አገር የመጣች መሆን አለባት። ልጆቻቸው ሁለት ናቸው፤ ታላቋ እታገኝ፣ ታናሹ ይርሳው። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነውና ሁለቱ ተስማምተው አያውቁም።

በከተማው አዲስ ሕክምና መጣ ተባለ። የሰውየውን የራሱን ደም ይቀዱና በመሣሪያ ያሽከረክሩታል። ቀዩ ወደ ታች ይዘቅጣል፣ ከላይ ቢጫ ውሃ ይቀራል። ያን ውሃ መልሰው ለዚያው ሰው በመርፌ ይወጉታል። ጠባሳ ላይ ቢወጋ ያለሰልሳል፣ የታመመ ጉልበት ላይ ቢወጋ ያበረታል፣ ራስ ላይ ቢወጋ የሸሸ ፀጉር ይመልሳል ይላሉ። ለሁሉም እኩል ይሠራል ያለ ግን የለም።

ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ደግሞ ደም ማነስ አለባቸው። ሐኪሟ ዶክተር ፌቨን መርምራቸው፣ "እማማ፣ ሦስት ወር በደንብ በልተው ይምጡ" አለች። "ያኔም ቢሆን የምቀዳው አንድ ብልቃጥ ብቻ ነው፤ ለዓመት ሁለተኛ አልነካዎትም። የሚበቃውም ለአንድ ቦታ ነው። ብከፋፍለው ለአንዱም አይሆን።"

እስቲ መጀመሪያ እታገኝን እንያት። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች እናቷ ቅቤ ሲያነጥሩ የድስቱን ጆሮ ጎተተች። እናት ልጃቸውን ገፍተው አተረፏት፤ የፈላው ቅቤ የእሳቸውን ቀኝ ጉንጭ በላው። ይኸው ሠላሳ ዓመት አለፈ። እታገኝ ዛሬም እናቷ ጋ ስትቀመጥ በግራቸው በኩል ነው፣ ስታወራቸውም ዓይኗ መሬት መሬት ያያል። ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ጠባሳውን ከረሱት ቆይተዋል። እሳቸውን የሚያንገበግባቸው ልጃቸው ፊታቸውን አለማየቷ ነው። ሐኪሟን አፈላልጋ ያገኘችው፣ ከኮምቦልቻ እየተመላለሰች ቀጠሮ ያስያዘችው እሷ ናት።

ይርሳውስ? የእናቱ ጉልበት ከከዳቸው አራት ዓመቱ ነው፣ ቤታቸው ያለበትን አቀበት ደግሞ መኪና አይወጣውም። ለቤተ ክርስቲያንም ሆነ ለለቅሶ በጀርባው አዝሎ የሚያወርዳቸው፣ አዝሎ የሚያወጣቸው እሱ ነው። ሾፌር ነው፤ ሰመራ ላይ ለጥሩ ሥራ ሁለት ጊዜ ተጠርቶ ሁለቴም "አይመቸኝም" ብሎ ቀረ። አንድ ቀን አላማረረም። እናቱ ግን ጀርባው ላይ ሆነው ወገቡ ሲንቋቋ ይሰማሉ። በቀጠሮው ዕለትም ክሊኒኩ ድረስ ያደረሳቸው በጀርባው ነው።

ደሙ ተቀዳ። መሣሪያው መዞር ሲጀምር እህትና ወንድም እዚያው እናታቸው ፊት ጀመሩ።

"ጉንጯ ላይ ነው" አለች እታገኝ። "ሐኪሟን ያገኘኋት እኔ ነኝ።"

"ሐኪሟ ጋ ማን አደረሳት?" አለ ይርሳው። "ጠባሳ ከመንገድ አያስቀር። ጉልበቷ ላይ ነው።"

"ጉልበቷንማ አንተ አለህላት።"

"እስከ መቼ?"

ጥያቄው ከአፉ ካመለጠው በኋላ ደነገጠ። ወገቡን ይዞ ወደ መስኮቱ ዞረ።

ልብ በሉ፣ ሦስተኛ ባለጉዳይ አለ፤ እሱን የጠየቀው ሰው የለም። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ባላቸው ሲሞቱ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ እንደ ወጉ ራሳቸውን ተላጩ። የኋላው ፀጉር በቀለ፣ የፊቱ እንደ ወጣ ቀረ። ዘመድ አዝማዱ ጥቁሩን ከጣለ ስምንት ዓመቱ ነው። እሳቸው ግን ሻሻቸውን ፈትተው መስታወት ባዩ ቁጥር ገና ሰልስት ላይ ናቸው። የሰውን ልጅ ሁሉ አስውበው የራሳቸውን ራስ ከገዛ ልጆቻቸው ይደብቃሉ። ሦስት ወር ሙሉ ያን የሚጠሉትን ጉበት እንደ መድኃኒት የዋጡት ለዚህ ነበር። ልጆቹ ለእነሱ ብለው የበሉ መስሏቸዋል። "በስድሳ አምስት ዓመቴ ፀጉር አማረኝ ብል ምን ይሉኛል?" እያሉ ነገሩን በሆዳቸው ይዘውታል። ይሉኝታ ክፉ ነው።

ወንበሩ አልመች አላቸው። የነጠላቸውን ጥለት ይጠቀልላሉ፣ መልሰው ይፈታሉ። ጉንጬ ቢሉ ልጃቸው ቀና ብላ ልታያቸው ነው። ጉልበቴ ቢሉ ልጃቸው ከሸክም ሊገላገል፣ ሰመራም ሊሄድ ነው። ፀጉሬ ቢሉ ደግሞ፣ "ከራስ በላይ ንፋስ አሉ" ብለው ሊታዘቧቸው ነው። ደሙ ግን የማን ነው? ይህንንም አሰቡት፤ አስበውም አፈሩ።

መሣሪያው ቆመ። ዶክተር ፌቨን ቢጫውን ውሃ በመርፌ ስባ መጣች።

"እማማ፣ ብዙ አይቆይልንም። የት ልውጋዎት?"

እታገኝ በግራቸው ተቀምጣ መሬት መሬት ታያለች። ይርሳው መስኮቱ ጋ ቆሞ ወገቡን ያሻል። የወይዘሮ ማንጠግቦሽ እጅ ከነጠላው ሥር ወጣና የትም ሳይደርስ አየር ላይ ቆመ።

እኔ የማውቀው እስከዚህ ነው፣ የቀረው የእናንተ ፍርድ ነው። ሠላሳ ዓመት ፊታቸውን ማየት ያቃታት ልጅ አለች፣ አራት ዓመት ያዘላቸው ልጅ አለ፣ ዘጠኝ ዓመት ሐዘናቸውን በሻሽ የሸፈኑ እናት አሉ። ብልቃጡ አንድ ነው። ለማን ይገባል?