የቅርቡ ዩኒቨርሲቲ ቦታ

በአንድ ወቅት፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ወጥቶ ከተማው ሁሉ የሰውን ልጅ ነጥብ ሲያወራ በከረመበት ክረምት፣ በአንድ ዴስክ የሚቀመጡ ሦስት ጓደኛሞች ነበሩ። ሰርካለም ጎበዟ ናት። ፈንታዬ ሳቂታዋ ናት፤ ስለ ትምህርቷ ሌላው ይጨነቅላታል እንጂ እሷ የምትጨነቅ አልነበረችም። ምንታምር ደግሞ መካከለኛዋ ናት። መካከለኛ መሆን ምን ማለት እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል። ጎበዙን መምህር ያሞግሰዋል፣ ሰነፉን መምህር ይቆጣዋል፣ የመካከለኛውን ስም ግን የሚያስታውስ የለም። የሒሳቡ መምህር ይርዳው ምንታምርን ዓመቱን ሙሉ «አንቺ እዚያ» እያለ ነው የጨረሰው። ስሟ ምንታምር ይሁን እንጂ በውጤቷ ላይ ታምር አልታየም። አለፈች፣ በቃ።

እሷን ያስጨነቃት ግን የዩኒቨርሲቲው ስምና ዝና አልነበረም። እናቷ ወይዘሮ አሰገደች የስኳር ሕመምተኛ ናቸው። ዓይናቸው ስለደከመ መርፌው ላይ ያለውን መስመር ማየት አይችሉም። ጧትና ማታ መድኃኒቱን ለክታ የምትወጋቸው ምንታምር ናት፣ ሌላ ልጅ የላቸውም። ጎረቤቶቹ ደግ ሰዎች ናቸው፣ መርፌ ሲያዩ ግን ሁሉም ሥራ ይኖርባቸዋል። ከከተማዋ ቀጥሎ ባለው ከተማ አንድ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ሰው ሁሉ «ቅርቡ» ነው የሚለው። ጧት በሚኒባስ ሄደው ማታ በሚኒባስ ይመለሱበታል። ምንታምር ቅርቡ ከደረሳት እየተማረች እናቷ ጋ ታድራለች። ካልደረሳት ወይ ትምህርቱ ይቀራል፣ ወይ እናትየው ባልለመደ እጅ ይወድቃሉ።

ምርጫ የሚሞላው በቅደም ተከተል ነበር። ቅድሚያ የሚሰጠው ዩኒቨርሲቲውን አንደኛ ብሎ ለሞላ ነው፣ ከእነዚያም መካከል በነጥብ ለበለጠ። አንደኛው ያመለጠው ተማሪ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ብዙ ጊዜ ሞልተው ያገኛቸዋል። ያን ጊዜ ኮምፒዩተሩ ክፍት ቦታ ወዳለበት ይወረውረዋል፤ ክፍት ቦታ የሚገኘው ደግሞ ማንም ያልፈለገው ዘንድ ነው።

በዚያች ከተማ ጓደኛሞች አንድ ዓይነት የመሙላት ልማድ አላቸው። አንድ ግቢ እንዲደርሳቸው፣ ሲታመሙ እንዲጠያየቁ፣ በሰው አገር ብቻቸውን እንዳይቀሩ ነው። ለብቻው የሞላ ልጅ ጓደኞቹን እንደከዳ ይቆጠራል፣ እናቱም በዕድር ላይ ነገር ትሰማለች። ሦስቱም ይህን ልማድ ያዙ። ቃሉን ያወጣችው ሰርካለም ነበረች።

«እትዬ አሰገደች የሁላችንም እናት ናቸው» አለች። «ቅርቡን አንደኛ እንሞላለን።»

«ማርያምን!» አለች ፈንታዬ።

«ማርያምን!» አለች ምንታምር፣ እንባዋ መጣ።

ምርጫ የሚያስሞላው መምህር ይርዳው ይህን ሰማ። ሦስቱንም አስጠርቶ እዚያው በር ላይ አቆማቸው።

«ሠርግ መሰላችሁ እንዴ ልብስ የምታመሳስሉት?» አላቸው። «ዘንድሮ መንገዱ ስላስፈራ ጎበዙ ሁሉ ቅርቡን ነው የሚሞላው። አንቺ እዚያ፣ አንቺ መካከለኛ ነሽ። ካንቺ በላይ ያመጣች ጓደኛሽ ቅርቡን ስትሞላ አንቺን ገፍታ ነው የምትገባው። ሰርካለም ትበልጥሻለች። ይቺ ሳቂታም ሳትቀር በትንሹ በልጣሻለች። መሐላችሁ ማንንም ሳይሆን አንቺን ነው የሚያስወጣሽ።»

ፈንታዬ መብለጧ እውነት ነበር፣ ከተማውም በዚህ ነገር አፉን አላሳረፈም። ከሰርካለም ገልብጣ ነው ተባለ። ምንታምርም፣ መቼስ እውነቱ ይነገር፣ ወሬውን አምናው ነበር። ስትስቅ የምትውል ልጅ እንዴት እሷን እንደበለጠች ስታስብ ቅናት ይይዛት ነበር። የዚያን ዕለት ሦስቱም ሳይነጋገሩ ወደየቤታቸው ሄዱ።

በማግስቱ አንድ በአንድ እየገቡ ሞሉ።

መጀመሪያ ሰርካለም ገባች። ከሷ የሚጠበቀው በዋና ከተማው ያለው ትልቁ ዩኒቨርሲቲ ነበር። አባቷ አቶ ዘገየ ገና ውጤቱ ሳይወጣ ለጫማ ጠራጊው ሳይቀር አውርተዋል። ሰርካለም መምህሩ ያለውን ሰምታለች፣ ገብቷታልም። ነገር ግን ጓደኛዬን ላለመግፋት ብዬ ነው ብላ ትልቁን ብትሞላ ማን ያምናታል? ምንታምር ራሷስ ታምናታለች? የማለች ልጅ መሐላዋን ትጠብቃለች ብላ ቅርቡን አንደኛ አስሞላች። መምህሩ «አብደሻል?» ቢላት «ምያለሁ» ብላ ወጣች።

ቀጥላ ፈንታዬ ማስቲካ እያኘከች ገባች። «መምህር፣ ማንም የማይፈልገው የትኛው ነው?» ብላ ጠየቀች። ድንበር አጠገብ፣ ሙቀቱ በሚያነድበት ቆላ ያለውን ነገራት። «እሱን አንደኛ ያድርጉልኝ» አለች። ከምንታምር በላይ ያለች አንድ ሰው ከሰልፉ ወጣች ማለት ነው። ለማንም አልተናገረችም። ብትናገር ምንታምር እምቢ ትላለች፣ ሰርካለም ስለ መሐላ ትሰብካለች፣ እሷም ስትመሰገን ፊቷን የምታስገባበት ይጠፋታል። ማስቲካዋን እያፈነዳች ወጣች።

መጨረሻ ላይ ምንታምር ገባች። እሷ ሥራዋን ሠርታ ነው የመጣችው። አምና የተመደቡትን ልጆች በየቤታቸው እየዞረች ስንት አምጥተው የት እንደደረሳቸው ጠይቃለች፤ የቱ እንደ ምኞት፣ የቱ ለነጥቧ ልክ፣ የቱ ሌላው ሲያመልጥ መጠጊያ ሆኖ የሚሞላ መሆኑን ለይታለች። ማርያምን ስትል ከልቧ ነበር። በሩ ላይ ቆማ ግን ሰርካለምን አሰበች፣ ፈንታዬን አሰበች፣ መንገድ ያስፈራቸውን ጎበዞች ሁሉ አሰበች። ቅርቡን ሞልታ ቢያመልጣት ድንበር ልትወረወር ነው፤ ከዚያ እናቷ ቢወድቁ ለቀብር እንኳ አትደርስም። በአውቶቡስ ግማሽ ቀን የሚያስኬድ ሌላ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ለሷ ነጥብ ልክ ነው፣ አያመልጣትም። እሱን አንደኛ አስሞላች።

«እንዲህ ነው አቅምን ማወቅ፣ ምንታምር!» አለ መምህሩ። ለመጀመሪያ ጊዜ በስሟ ጠራት። ውጭ የሚጠብቋት ጓደኞቿ «ሞላሽ?» ሲሏት «ሞላሁ» አለች፣ ዓይን ዓይናቸውን ሳታይ።

ምደባው ወጣ። ሦስቱም አንደኛ ያሉት ደረሳቸው። ሰርካለም ቅርቡ፣ ፈንታዬ ቆላ፣ ምንታምር ግማሽ ቀን የሚያስኬደው።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። መምህር ይርዳው ግን ዝም ማለት የማያውቅ ሰው ነው። «ልክ ያንቺን ያህል ያመጣች የሌላ ክፍል ልጅ ቅርቡ ደርሷታል፤ መጨረሻ የገባችው እሷ ናት» አላት ምንታምርን። ሰልፉ አንድ ሰው ጎድሎበት ነበርና ቦታው እስከ ምንታምር ነጥብ ወርዶ ነበር። የጎደለችው ፈንታዬ ናት። ምንታምር ቅርቡን አንደኛ ብትል ኖሮ ከዚያች ልጅ ጋር እኩል ቆማ ዕድሏን ትሞክር ነበር። ይህን ስትሰማ እዚያው ግድግዳ ተደግፋ ተቀመጠች።

ያን ዓመት አንድ ነገር ይፈቀድ ነበር። ሁለት ተማሪዎች ተስማምተው ከፈረሙ ቦታ መለዋወጥ ይችላሉ። የሚቻለው አንዴ ብቻ ነው፣ የፈረመም መመለስ የለውም። የመጨረሻው ቀን ዓርብ፣ ቢሮው እስኪዘጋ ነው። ያን ዓርብ ከሰዓት ምንታምርና ፈንታዬ ሳይቀጣጠሩ በሰርካለም በር ላይ ተገናኙ። በሩን የከፈቱት አቶ ዘገየ ነበሩ።

«ደግሞ ምን ልትወስዱባት መጣችሁ?» አሉ። «ልጄን ከትልቁ ቦታ ያስቀራችኋት እናንተ! እናንተን ይዛ ነው እዚህ የቀረችው!» በሩን ሊዘጉ ሲሉ ሰርካለም በእጃቸው ሥር አልፋ ወጣች።

ምንታምር ቀድማ ተናገረች። «ቦታሽን ስጪኝ። የኔ ከዚህ ግማሽ ቀን ነው፣ ክፉ አይደለም። እናቴ መርፌውን የሚለካላቸው የላቸውም።»

«እናትሽን ዛሬ ነው ያስታወስሻቸው?» አለች ፈንታዬ። «እኔ ቆላ የሞላሁት ላንቺ ቦታ ልለቅ ብዬ ነው። አንቺ ግን የለቀቅኩልሽን ረግጠሽው ሄድሽ። አንቺ ካልፈለግሽው ቦታው የኔ ነበር። ሰርካለም፣ ከኔ ጋር ነው የምትለወጪው።»

«ላንቺ?» ምንታምር ጮኸች። «ገልብጠሽ ባመጣሽው ነጥብ ላንቺ?»

ከፈንታዬ ፊት የሁልጊዜው ሳቅ ጠፋ።

«አልገለበጠችም» አለች ሰርካለም በቀዝቃዛ ድምፅ። «ቅዳሜና እሁድ እኔ ነኝ ያስጠናኋት። አንቺ እናትሽን ስለምታስታምሚ አልጠራንሽም። እና አሁን እኔን ስሙኝ። ሦስታችን ማልን። ቃሏን የጠበቀችው አንዷ ብቻ ናት። ትልቁን የጣልኩት ከናንተ ጋር ለመሆን ነበር። ዞር ስል አንዳችሁም የላችሁም። አባቴ ከምደባው ቀን ጀምሮ አብሮኝ አይበላም። የቀረኝ ይሄ ቦታ ነው፣ እሱንም ልልቀቅ? ቃሏን የጠበቀችው ናት የምትቀጣው?»

«አንቺ የጠበቅሽው ቃልሽን ነው እንጂ እኛን አይደለም» አለች ፈንታዬ። «መምህሩ ምን እንዳለ ሰምተሻል። መሐላሽን ስትጠብቂ እሷን እየገፋሽ መሆንሽን እያወቅሽ ነው የሞላሽው። ቆላ ሄደሽ ቃልሽን እዚያ ጠብቂው!»

«አንቺስ?» አለች ሰርካለም። «ማርያምን ብለሽ በማግስቱ አፍርሰሻል። ለደግነት ነው እንዳትይኝ። ደግነትሽን ብትነግሪን ኖሮ ይቺ ልጅ ዛሬ ቅርቡ ነበረች!»

ምንታምር በመካከላቸው ቆማ ሁለቱንም ጠላቻቸው። ሰርካለምን ቃሏን ስለጠበቀች ጠላቻት፣ ፈንታዬን ስላፈረሰች ጠላቻት። ከሁሉ ይበልጥ ግን ራሷን ጠላች፤ ሁለት ሰዎች ለሷ ብለው የገዛ ዕድላቸውን ሲያበላሹ እሷ አንዳቸውንም አላመነችም ነበር። ይቅርታ ልትጠይቅ ፈለገች፣ አፏ ግን እምቢ አላት። ይቅርታ ብትጠይቅ ቦታውን መጠየቋ ሊቀር ነው። ቦታውን ካልጠየቀች ደግሞ የእናቷ ነገር ምን ሊሆን ነው?

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለች በመጨረሻ። «ግን የኔ ጥፋት የሚቀጣው እናቴን ነው። እናቴ ምን አጠፉ?»

በዚህ መሐል የትምህርት ቤቱ ዘበኛ እየተጣደፈ መጣ።

የላከው መምህር ይርዳው ነው። «ቢሮው ሊዘጋ ነው» አለ ዘበኛው። «የምትለዋወጡት ካላችሁ ኑና ፈርሙ። ከሌላችሁም ቁርጡን ንገሩኝ።» ሰርካለም ሁለቱን ተራ በተራ አየቻቸው፣ ከዚያ ወደ ትምህርት ቤቱ መሄድ ጀመረች። ሁለቱም እየተሳደቡ ተከተሏት። ቢሮው ውስጥ መምህሩ ብዕሩን በጠረጴዛው ላይ ገፋ አደረገላት። ሰርካለም አነሳችው።

ይህን ታሪክ የሚያወሩ ሰዎች እዚህ ላይ ሲደርሱ ይጣላሉ። አንዱ በነጥቧ ያገኘችውን፣ በቃሏም የጸናችበትን ማን ይቀማታል ይላል። ሌላው ለጓደኛዋ ብላ ወደ በረሃ የተራመደች ልጅ በረሃ ልትቀር አይገባም ይላል። ሌላውም ይህ ሁሉ መማማል የተጀመረው ለእኚያ እናት ነው፣ የልጅቷ አለማመን የእናትየው ዕዳ አይደለም ይላል። ሦስቱም እውነት አላቸው፣ ሦስቱም እያንዳንዷ ያጠፋችውን ይረሱታል። እናንተ የምትሰሙት ደግሞ ዳር ቆማችሁ አትመልከቱ። ብዕሩ በእጃችሁ ቢሆን፣ ሦስቱም ቢያዩዋችሁ፣ የቅርቡ ዩኒቨርሲቲ ቦታ የሚገባው ለየትኛዋ ነው?