ለጉልቢት ወንዝ ሁለት ግንድ

ጆሮ ያለው ይቅረብ፤ ተረቴ ሩቅ አይደለም፣ ጉልቢት ወንዝ ዳር ነው።

እትዬ ደብሪቱ የሚባሉ ሴት ነበሩ። ምራታቸው እንጉዳይ ነፍሰ ጡር ናት፤ መውለጃዋ ሐምሌ ነው። ሐምሌ ደግሞ ጉልቢት ይሞላል፤ ጤና ጣቢያው ያለው ከወንዙ ማዶ፣ ከከተማው ጫፍ ነው። አምና አንዲት ወላድ ማዶውን እያየች ቀርታለች። እትዬ ደብሪቱ የፈለጉት ትልቅ ነገር አይደለም፤ ወንዙ ላይ የሚጋደም ሁለት የባሕር ዛፍ ግንድ፣ በላዩም ጥቂት ርብራብ።

ወደ አናጢው ሄዱ።

“አያ ሽባባው፣ ግንድ ቆርጠህ ድልድይ ሥራልኝ።”

“እትዬ፣ ዛፉ እኮ የቀበሌ ነው። ያለ ፈቃድ ብቆርጠው እኔኑ ነው የሚቆርጡኝ!”

ወደ ቀበሌው ሊቀመንበር ሄዱ። “ሽባባው አልቆርጥ አለ፤ እንጉዳይ እንዴት ትሻገር?”

ሊቀመንበሩ ማኅተሙን አወጣ፣ አየው፣ መልሶ ኪሱ ከተተው። “ከወንዙ ወዲህ ገጠር ነው፣ ወዲያ ከተማ ነው። ግማሽ ድልድይ ልፍቀድልዎ? ወረዳው ይወስን።”

ወደ ወረዳ ሄዱ። “ሊቀመንበሩ አልፈቅድ አለ፤ ሽባባው አልቆርጥ አለ፤ እንጉዳይ እንዴት ትሻገር?”

የወረዳዋ ሠራተኛ አዘነችላቸው፤ ወንበርም ሰጠቻቸው። “እናቴ፣ የገጠር መንገድ የእኔ ክፍል ነው። የከተማ መንገድ የጎረቤቴ ክፍል ነው። ከገጠር ወደ ከተማ የሚወስድ ግን የማንም አይደለም።”

“ከከተማ ወደ ገጠር የሚወስድስ?”

“እሱም። ክልሉ ካላዘዘን አንችልም።”

ወደ ክልል ሄዱ። “ወረዳው አልወስን አለ፤ ሊቀመንበሩ አልፈቅድ አለ፤ ሽባባው አልቆርጥ አለ፤ እንጉዳይ እንዴት ትሻገር?”

“ገጠርንና ከተማን የሚያስተሳስር ፖሊሲ እየተዘጋጀ ነው” አላቸው የክልሉ ሹም። “እሱ ሳይጸድቅ ማዘዝ አልችልም።”

“የእንጉዳይ ሆድ ግን ሳይጸድቅም እየገፋ ነው፣ ልጄ።”

ሹሙ ክፉ ሰው አልነበረም። አንገቱን ደፋ፣ ወደ ሚኒስቴር ደወለ፣ ስልኩን ለእሳቸው ሰጠ። እትዬ ደብሪቱም ጮክ ብለው ተናገሩ፦ “ክልሉ አላዝ አለ፤ ወረዳው አልወስን አለ፤ ሊቀመንበሩ አልፈቅድ አለ፤ ሽባባው አልቆርጥ አለ፤ እንጉዳይ እንዴት ትሻገር?”

ከሚኒስቴር የመጣው መልስ “ፖሊሲውን የምታረቀው ዶክተር ምንትዋብ ናት። የሌሎች አገሮችን ተሞክሮ አጥንታ ሳትጨርስ አናጸድቅም” የሚል ነበር። ቁጥሯን ሰጧቸው።

ለእሷም ደወሉ። “ሚኒስቴሩ አላጸድቅ አለ፤ ክልሉ አላዝ አለ፤ ወረዳው አልወስን አለ፤ ሊቀመንበሩ አልፈቅድ አለ፤ ሽባባው አልቆርጥ አለ፤ እንጉዳይ እንዴት ትሻገር?”

ዶክተር ምንትዋብም መለሰች፦ “እማማ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ስድስት አገር ዞሬያለሁ። የእኛን አንድ መንደር ግን በእግሬ አልረገጥኩም። ሳልረግጥ አልጽፍም።”

“ታዲያ ነይ ርገጪው! ወንዙ ሳይሞላ ነይ።”

በሰኔ መጨረሻ በከተማው በኩል መጣች። ውኃው ወገብ ይደርሳል። ማዶ ቆማ ተጣራች፦ “እማማ! ድልድይ ከሌለ እንዴት ልሻገር?”

እትዬ ደብሪቱ ጭንቅላታቸውን ያዙ። “ወይ ጉዴ! አንቺ አልሻገር ካልሽ አትጽፊም፤ ሚኒስቴሩ አላጸድቅ አለ፤ ክልሉ አላዝ አለ፤ ወረዳው አልወስን አለ፤ ሊቀመንበሩ አልፈቅድ አለ፤ ሽባባው አልቆርጥ አለ፤ እንጉዳይ እንዴት ትሻገር?”

ወዲያው ጡሩምባ አስነፉ። የቃሬዛ ማኅበርተኞች፣ በየተራቸው በሽተኛ የሚሸከሙት ጎረምሶች፣ እየሮጡ መጡ። ሽባባውም ተረኛ ነበር።

“ጤነኛ አንሸከምም፤ ደንባችን ነው” አለ አለቃቸው። “ወይ በሽተኛ፣ ወይ ወላድ።”

“ወላድ ናት!”

“የቷ? ያቺ ዣንጥላ የያዘችው?”

“አዎ! ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ወረቀት አምጣ ያልተገላገለች!”

ሳቁ፤ ቃሬዛቸውን ይዘው ወደ ውኃው ገቡ።

ዶክተሯን ከማዶ ተሸክመው ሲመለሱ መሃል ላይ ሽባባውን አዳለጠው። ቃሬዛው ዘመመ፤ ዶክተሯ እስከ አንገቷ ራሰች፤ ጠርዙን ሙጭጭ አድርጋ ያዘች። “ወላድም የምታሻግሩት እንዲህ ነው?” አለች በተቆራረጠ ድምፅ።

“የአምናዋን አላሻገርናትም” አላት ሽባባው። “እዚህ ላይ መለስናት።”

ዳር አደረሷት። ሣሩ ላይ ሲያወርዷት እንጉዳይን ሆዷን ደግፋ ቆማ አየቻት።

“ይቅርታ” አለች ዶክተሯ። “ያዘገየሁት እኔ ነኝ።”

“ይቅርታሽን በደብዳቤ አድርጊው፣ ልጄ” አሏት እትዬ ደብሪቱ።

እዚያው ቀሚሷ እንደራሰ ፖሊሲውን ጻፈችው፦ “ገጠርና ከተማ የሚገናኙበት ሥራ የሁለቱም ነው። ቀድሞ የተጠየቀው ይሥራ፤ ሌላውን አይጠብቅ።”

ዶክተሯ ጻፈች፤ ሚኒስቴሩ አጸደቀ፤ ክልሉ አዘዘ፤ ወረዳው ወሰነ፤ ሊቀመንበሩ ፈቀደ፤ ሽባባው ቆረጠ፤ ሁለቱ ግንድ ተጋደመ።

ሐምሌ በገባ በአሥረኛው ቀን ምጥ መጣ። ጉልቢት ከሥር እያገሳ፣ እንጉዳይ በገዛ እግሯ ተሻገረች።

እኔም ተረቴን ተሸክሜ እዚህ አደረስኩ፤ እንግዲህ ተረኞች ተቀበሉኝ።