በስፖኪዮው ላይ የተሰቀለው ሥዕል

አንድ አባት ነበር። «ፈረስህ ሲፈጥን ልጓምህን አጥብቅ» እያለ ልጁን ሲመክር ኖሮ አረፈ። ልጁ ዘሪሁን ግን ፈረስ አልገዛም፤ መኪና ነው የገዛው።

መኪናዋም መኪና ነበረች። አራት በሯንና ሰፊ የዕቃ መጫኛዋን ላየ የቤተሰብ ናት፤ ከፊት ሲያዩዋት ግን ልትዘል ያደባች ነብር ትመስላለች። ቁመቷ ዝቅ ያለ፣ ጎማዋ ሰፊ፣ ሞተሯ ገና ሲነካ የሚያጓራ። ዘሪሁን የንስሐ አባቱን ጠርቶ ጸበል አስረጫት። በስፖኪዮዋ ላይም የአንድ ጻድቅ ሥዕል ሰቀለ፤ ነጭ ጢም ያላቸው፣ መቋሚያ የያዙ አባት ናቸው። «አባቴ፣ ሚስቴንና ልጄን አደራ» አላቸው። ከዚያ ወዲያ ልጓም የሚባል ነገር ረሳ።

አንድ ቀን ከባለቤቱ ከእታገኝና ከልጁ ከማህደር ጋር ለንግሥ በዓል ወደ አገር ቤት ሲጓዝ፣ ተራራው ላይ ጉም ወረደ። በመንገዱ ዳር መቋሚያ የያዙ ሽማግሌ በእግራቸው ይሄዳሉ። እንደ ነፋስ አለፋቸው።

ጥቂት እንደ ሄዱ ማህደር ከኋላ ሆና «አባዬ፣ እኚያ ሽማግሌ ደግሞ ከፊታችን አሉ!» አለች። እውነትም እኚያው ናቸው። ልብሳቸው ላይ ጭቃ እንኳ የለም።

«በእመቤቴ፣ ቀስ በል» አለች እታገኝ ነጠላዋን ጨብጣ።

«ይህቺ እኮ እንደ አህያ ልትነዳ አልተሠራችም! ኩርባውን እንዴት እንደምትይዘው አታዪም? ደግሞ ጻድቁ እዚሁ ናቸው፤ ምን ያስፈራሻል?»

«እሳቸውም ፈርተው ይሆናል።»

ሳቀና ነዳጅ ረገጠ። የሞተሩ ድምፅ ገደሉን ሞላው። ከቀጣዩ ኩርባ ጀርባ ሽማግሌው መንገዱ መሐል ቆመዋል። ዘሪሁን ባለ በሌለ ኃይሉ ፍሬን ያዘ። ጎማው ጮኸ፤ መኪናዋ ተንሸራታ፣ ተንሸራታ፣ ከመቋሚያው ሥር ቆመች። ከሽማግሌው ጀርባ መንገድ የለም። ናዳ ወስዶታል።

ቀና ሲል የሥዕሉ ክር እየተወዛወዘ ነው። ሥዕሉ ላይ ወርቃማው የጀርባ ቀለም ብቻ ቀርቷል፤ ሰው የለበትም። ሽማግሌው ወደ መስኮቱ ጎንበስ አሉ። በዚያ ብርድ ትንፋሻቸው መስታወቱን አላደበዘዘውም።

አንባቢ ሆይ፣ ጸሎት መልካም ነው፤ ያለ እርሱ ከቤት አይወጣም። ነገር ግን እግዚአብሔር እግር የሰጠን ፍሬን እንድንረግጥበትም ነው። እኛስ ለሰማይ አደራ ብለን የጣልነው የራሳችን ሥራ የቱ ነው? ዘሪሁን ዛሬም መሪ ሲጨብጥ በልቡ የሚደግመው ያን ቀን በመስኮቱ የሰማውን ቃል ነው፦

«ልጄ፣ አንተ ቤተሰብህን ለእኔ አደራ አልክ፤ እኔም መሪውን ለአንተ አደራ ብዬ ነበር። ይኸው ዛሬ በእግሬ ቀድሜህ መጣሁ። ሁልጊዜ ግን አልቀድምህም።»