ሳይቀምሱ መሄድ የለም

አንድ የአውሮፕላን ማረፊያ ሥራ አስኪያጅ ነበሩ፤ አቶ ድልነሳው ይባላሉ። ከተማቸው የምሥራቅና የምዕራብ መንገድ መገናኛ ላይ ስላለች፣ ከሩቅ የመጣ መንገደኛ ሁሉ እዚያ ወርዶ ሌላ አውሮፕላን ይቀይር ነበር። ሰውየው ይህን ሲያዩ ደስታቸው ልክ አልነበረውም። ታዲያ ምን ያደርጋል፣ የጎረቤት አገር ከተማም አዲስ ማረፊያ ከፈተች። ወለሉ እብነ በረድ፣ መሃሉ ላይ ደግሞ ፏፏቴ! መንገደኛው ቀስ በቀስ ፊቱን ወደዚያ አዞረ።

አቶ ድልነሳው እልህ ያዛቸው። «እነሱ ፏፏቴ ካላቸው እኛ እንግዳ መቀበል እናውቅበታለን!» አሉና ትልቅ የግብዣ አዳራሽ አሠሩ። ከአውሮፕላን የወረደ ሁሉ ወደዚያ ይገባል። እንግዳው «በቃኝ» ሲል «በሞቴ!» ይባላል። ሰዓቱን ሲያይ «ምን ያስቸኩልዎታል? ገና መቼ በሉና!» ይባላል። ሳይቀምሱ መሄድማ ጨርሶ የማይታሰብ ነው።

እንዲህ እያሉ ሳለ የሩቅ ምሥራቅ ነጋዴዎች ማኅበር ደብዳቤ ላከ። ከሁለቱ ማረፊያዎች አንዱን መርጦ በሺህ የሚቆጠሩ አባላቱን በዚያ በኩል ሊያመላልስ ነው። ይህ ዕድል ካመለጠ የእነ አቶ ድልነሳው ማረፊያ ግማሹ ሊዘጋ፣ ሠራተኛውም ሊበተን ሆነ። የማኅበሩ መልእክተኛ በመጣ ዕለት አቶ ድልነሳው ራሳቸው አዳራሹ ውስጥ አብረውት ለምሳ ተቀመጡ።

አጠገባቸው እማማ አመለወርቅ የሚባሉ መንገደኛ ነበሩ። ሦስት ጊዜ ሊነሡ ሞከሩ፤ ሦስት ጊዜ «አፈር ስሆን!» ተብለው ተቀመጡ። በመጨረሻ አቶ ድልነሳው መልእክተኛው እያየላቸው አንድ ትልቅ ጉርሻ አጎረሷቸው። እማማ ገና አላምጠው ሳይውጡ የትኬት ሠራተኛዋ ትርንጎ እየሮጠች መጣች።

«እማማ፣ አውሮፕላንዎ እኮ ሄደ!»

«ወይኔ ልጄን!» ብለው አለቀሱ እማማ። «ነገ ሠርጓ ነው። ያለ እኔ ማን ይመርቃታል?»

አቶ ድልነሳው ክው አሉ። ያንን ጉርሻ ያጎረሱት እሳቸው ናቸዋ! «ሌላ በረራ የለም?» አሉ።

ትርንጎ መልእክተኛውን በጎን አየችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «የእኛ ከነገ ወዲያ ነው። በጎረቤቶቻችን በኩል ግን አለ። ወደ እነሱ የሚበር አሁን ሊነሣ ነው፤ ከዚያ አሥር ሰዓት ላይ ወደ ልጃቸው ከተማ የሚሄድ ያገኛሉ።»

አቶ ድልነሳው መልእክተኛውን አዩ። እማማን በዚያ በኩል መላክ ማለት «እኛ አናደርስም፣ እነሱ ያደርሳሉ» ብሎ በገዛ አፍ መመስከር ነው። ከዚያ የእማማን እንባ አዩ።

«እናቴ፣ ይነሡ! ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉና የእማማን ጓዝ ትከሻቸው ላይ ጣሉ። ለመልእክተኛውም «ይቅርታ፣ እንግዳዬን ልሸኝ ነው» ብለው ሮጡ። ምን መሮጥ! ቦርጫቸው ከፊት፣ ከረባታቸው ከኋላ። ትርንጎ እማማን በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋች ትከተላለች። እማማም እንባቸውን ረስተው «ቀስ ልጄ፣ እንዳትወድቅ!» እያሉ ይስቃሉ። የአውሮፕላኑ በር ሊዘጋ ሲል ደረሱ፤ እማማም ተሳፈሩ።

አቶ ድልነሳው እዚያው ቆመው ለጎረቤት ማረፊያ ሥራ አስኪያጅ ለወይዘሮ ዘርፈሽዋል ደወሉ። በሕይወታቸው የመጀመሪያው ነበር።

«አንዲት እናት ልኬልዎታለሁ፤ አደራዎን።»

«እኔ ራሴ በር ላይ እቀበላቸዋለሁ!» አሉ ወይዘሮዋ።

ላብ በላብ ሆነው ሲመለሱ መልእክተኛው ኮቱን ለብሶ ቆሟል። «አበቃልን» አሉ በልባቸው።

«ጎረቤቶቻችሁ ዘንድም በላሁ፣ እዚህም በላሁ» አለ መልእክተኛው። «ሁለታችሁም ታጠግባላችሁ። የእኔ ሰዎች ግን የሚጠብቃቸው አለ። መንገደኛ እንዲደርስ ብሎ የሚሮጥ ሰው ዛሬ ገና አየሁ። በእናንተ በኩል ይለፉ።»

በማግስቱ ስልክ ተደወለ። «ደርሻለሁ! መረቅኋት!» የሚለው የእማማ ድምፅ በሠርጉ እልልታ መሃል ተሰማ። የማረፊያው ሠራተኛም በሙሉ እልልታውን አቀለጠው። ከዚያ ወዲህ የአዳራሹ ምግብ ስንቅ ሆኖ ተቋጥሮ በአውሮፕላኑ በር ላይ ይሰጣል። ጎረቤቶቹም ይህን ሰምተው ዝም አላሉም፤ እነሱም መሮጥ ጀመሩ። አሁን የሁለቱ ፉክክር ማን ቀድሞ ያደርሳል ሆኗል፤ መንገደኛውም ተመቸው።

ወዳጆቼ፣ በደጃችን የሚያልፍ ሰው ሁሉ የሚደርስበት አለው። እንግዳን ማክበር ገበታው ላይ አያልቅም፤ ካሰበበት እስኪደርስ መሸኘትንም ይጨምራል። እስቲ ዛሬ ራሳችንን እንጠይቅ፦ እንወድሃለን እያልን ከመንገዱ ያስቀረነው ሰው የለም?