የእትዬ ዘርፌ አጥር

እኛ ሰፈር አንድ አባባል አለ። የወረዳው ሰዎች ስብሰባ ጠርተውን ስለ ውኃ ስንጠይቃቸው ስለ አበባ ተከላ ሲመልሱልን፣ ከኋላ ወንበር አንዱ ያቺን አባባል ጣል ያደርጋታል። አዳራሹ በሳቅ ይሞላል፣ ከሌላ ሰፈር የመጣ ሰው ግን ግራ ይገባዋል። አይፈረድበትም። እኔ ነገሩን በዐይኔ በብረቱ ያየሁት ሰውዬ እንኳ ግራ እንደተጋባሁ አለሁ።

እትዬ ዘርፌ በአንድ ግድግዳ የምንዋሰን ጎረቤቴ ናቸው። ቤታችን የቀበሌ ነው። ለማያውቅ ሰው፣ የቀበሌ ቤት ማለት ኪራዩ ርካሽ፣ ጣጣው ብዙ ነው። ያለ ፈቃድ አንድ ምስማር አይመታበትም። ጣራህ ቢያፈስ ባለቤቱ መንግሥት ነውና፣ መጥቶ እስኪያድስልህ ሳህን ደቅነህ ትጠብቃለህ።

የእትዬ ዘርፌ ጣራ ደግሞ የሚያፈሰው በትክክል አልጋው ላይ ነው። ክፍሏ አንድ ስለሆነች አልጋውን ማዞሪያ ቦታ የለም። እሳቸው እንኳ ለምደውት ጥግ ላይ ተኮራምተው ያድሩ ነበር። በዚያ ክረምት ግን ልጃቸው ማስተዋል የመጀመሪያ ልጇን ወልዳ፣ እንደ ወጉ አራስነቷን እናቷ ቤት ልታሳልፍ መጣች። እንግዲህ እናት ምን ታድርግ? ነጋ ጠባ ወረዳ ተመላለሱ።

«በጀት የለም» አሏቸው።

«እሺ፣ ቆርቆሮውን እኔው ልግዛ።»

«አይቻልም እናቴ። የመንግሥት ቤት ነው።»

አንድ ቀን ጠዋት ግን በራችን ላይ አንድ አይሱዙ መጥቶ ቆመ። ከላዩ አዲስ፣ የሚያብረቀርቅ ቆርቆሮ፣ መሰላልና ባልዲ ሙሉ ቀለም ተጭኗል። የወረዳው አቶ ደምሰው ከጋቢናው ወርደው ሠራተኞቹን «ፍጠኑ» ይላሉ። እትዬ ዘርፌ መሰላሉን ሲያዩ እልል አሉ። ቆርቆሮና መሰላል ያየ ሰው ከጣራ ሌላ ምን ያስባል? እኔም ያሰብኩት እሱኑ ነው።

ጣራ ሲነሳ አቧራው አይጣል ነውና፣ ዕቃውን ሁሉ አውጥተን እኔ ቤት አጨቅነው። አልጋው ግን በእኔ በር አልገባ አለ። ስለዚህ ማስተዋልን ከነሕፃኗ ግቢው ውስጥ አስተኝተን፣ አራስ ፀሐይ እንዳያገኛት ከላይ ጋቢ ወጠርንላት። እትዬ ዘርፌ ለአራሷ ያስቀመጡትን ቅቤ ሳይቀር አውጥተው ለሠራተኞቹ ምሳ ሠሩ። ሰዎቹም በልተው፣ መርቀው፣ አሮጌውን አጥር መንቀል ጀመሩ።

መጀመሪያ ለመሰላሉ ቦታ እየሠሩ ነው ብለን አሰብን። እነሱ ግን ያንን አዲስ ቆርቆሮ አጥር አድርገው መቱት። ከዚያ ግራጫ ቀቡት። ከዚያ ደግሞ ደጃፉ ላይ ድንኳን ተከሉ፣ ምንጣፍ አነጠፉ፣ ወንበር ደረደሩ። እትዬ ዘርፌ ቀስ ብለው ወደ አንዱ ሠራተኛ ተጠጉ።

«ልጄ፣ ጣራው መቼ ነው?»

«የምን ጣራ?» አለ ልጁ። እሱም የምሩን ነው።

አቶ ደምሰው መጡ። «እናቴ፣ ዛሬ ከላይ እንግዳ ይመጣል፣ አጥሩን ይመርቃል። የተመደበልን በጀት ከመንገድ ለሚታየው ብቻ ነው። ጣራ ከመንገድ አይታይም።»

«ዝናቡ ግን ያየዋል» አሉ እትዬ ዘርፌ። ተናደው አይደለም፤ ሰውየው የረሳውን ለማስታወስ ነው የሚመስለው። አቶ ደምሰውም ሰዓታቸውን አዩ።

ወዲያው ሰማዩ ጠቆረና ዶፉ ወረደ። ጋቢው ራሰ። ሕፃኑ አለቀሰ። አልጋውን ወደ ቤት እንዳንመልሰው ውስጡ ከውጪው አይሻልም፣ እኔ ቤት ደግሞ እግር ማስገቢያ የለም። ግራ ገብቶን ስንዋከብ የዕድራችን ዳኛ ጋሽ ወልደሰንበት በከዘራቸው ደጃፉን አመለከቱ።

«ምን ትፈዛላችሁ? ይኸው የማያፈስ ጣራ። ወደ ድንኳኑ አስገቧት።»

አልጋውን ለአራት ተሸክመን ምንጣፉ ላይ አስቀመጥነው። ሴቶቹ ተከትለው ገቡ፣ ገንፎውም ገባ። አቶ ደምሰው «ኧረ በሕግ አምላክ» እያሉ ሲሯሯጡ የእንግዳው መኪና ደረሰ።

እንግዳው ሪባን ሊቆርጡ መቀሳቸውን ይዘው ገቡና አራስ ፊት ተገተሩ። መቼም ሰው ናቸው፣ የእናት ልጅ ናቸው። አራስ ያየ ሰው የሚለውን አሉ።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ።»

«ማርያም ታኑርዎት» አለች ማስተዋል።

አራስ ቤት የገባ ሰው ሳይቀምስ አይወጣምና እትዬ ዘርፌ ገንፎ አቀረቡላቸው። መቀሱን የሚያስቀምጡበት አጥተው በግራ እጃቸው እንደያዙት በሉ። ሁለቴ ከጎረሱ በኋላ ዙሪያውን ቃኝተው፣ «ምነው አራሷን እዚህ አመጣችኋት? ቤት የላትም?» ብለው ጠየቁ።

«አላት» አሉ እትዬ ዘርፌ። «ያፈሳል እንጂ። ያውና፣ ከአጥሩ ጀርባ ያለው ነው።»

እንግዳው አንገታቸውን አስግገው አዩ። አጥሩ አዲስ ነው፣ ያበራል፣ ቀለሙ ገና አልደረቀም። ወደ አቶ ደምሰው ዞሩ፣ አቶ ደምሰው ወደ ሠራተኞቹ ዞሩ፣ ሠራተኞቹ ወደ እኛ። እኛ ደግሞ የምንዞርበት አልነበረንም።

«አልገባኝም» አሉ እንግዳው በመጨረሻ። «ይሄ ሁሉ ወጪ ወጥቶ ቤቱ እንዴት ያፈሳል?»

ጋሽ ወልደሰንበት ከዘራቸውን ተደግፈው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ምን የማይገባ ነገር አለው፣ ጌታዬ» አሉ፤ «ዝናቡ በጣራ፣ ቀለሙ በአጥር።»