ጅራቷን አስቀድማ የምትወርደው ካንጋሮ

«ተረት ተረት!»
«የመሠረት!»
«ወዴት ልውሰዳችሁ?»
«ወደ ሩቅ!»

በድሮ ጊዜ፣ ከባሕር ማዶ፣ ዝናብ በማያባራበት ደን ውስጥ፣ ማሩካ የምትባል አውሬ አጥማጅ ነበረች። የምታጠምደው ለጎንዶ ነው። ጎንዶ «የደኑ ንጉሥ ነኝ» የሚል፣ ሆዱ የማይሞላ ግዙፍ ፍጡር ነው። ወፎቹን በላ፤ አለቁ። አሳማዎቹን በላ፤ አለቁ። ከዚያ «የዛፍ ካንጋሮ አምጪልኝ፤ አለዚያ አንቺን እበላሻለሁ!» አላት።

የዛፍ ካንጋሮ ጸጉሯ ወርቃማ፣ ጅራቷ ረጅም፣ ልጇን በሆዷ ኪስ የምትይዝ እንስሳ ናት።

ማሩካ አንዷን አጥምዳ ሰጠችው። በማግስቱ ሁለተኛዋን ሰጠችው። በሦስተኛው ቀን አንዲት ካንጋሮ ጅራቷን አስቀድማ ከዛፍ ስትወርድ አየች። ገረማትና ወጥመዷን ረሳች።

«አንቺ፣ ለምን ጭንቅላትሽን አስቀድመሽ አትወርጂም?»

«ጅራቴ መሬቱን ቀድሞ ይጠይቅልኛል» አለች ካንጋሮዋ በሰው ቋንቋ። «አሁንም ‹እትዬ ማሩካ ቆማለች› አለኝ።»

«በኪስሽስ ምን አለ?»

ካንጋሮዋ ኪሷን ከፈት አደረገችው። ባቄላ የሚያህል ልጅ ይጠባል።

«በደኑ የቀረነው እኔ፣ አባቱና እሱ ነን። እኛ ስናልቅ ማንን ታጠምጃለሽ?»

ማሩካ አጥምዳ የሰጠቻቸውን ሁለቱን አሰበችና አንገቷን ደፋች። ወጥመዷን በጣጥሳ ወደ ጎንዶ ሄደች።

«ጌታዬ፣ ዛሬ ካንጋሮዋን ራስዎ ይያዟት። ስትወርድ ፊቷ ቀድሞ ከመጣ እሷንም እኔንም ይብሉ። ካልመጣ ካንጋሮዎቹ የሚኖሩበትን፣ ከወንዙ ወዲያ ያለውን ደን ይልቀቁ።»

ጎንዶ ሳቀ። «አንቺ ሞኝ! ፊቱን ሳያስቀድም የሚወርድ አውሬ የት አለ? በሆዴ እምላለሁ፣ እለቃለሁ!»

ጎንዶ ካንጋሮዋ ካለችበት ዛፍ በስተ ምሥራቅ ቆመ። ጅራት መጣ።

«ይሄ አይቆጠርም!» ብሎ በስተ ምዕራብ ቆመ። አሁንም ጅራት መጣ።

«ይሄም አይቆጠርም!» ብሎ ዛፉ ሥር ተንጋለለና አፉን ከፈተ። ያን ጊዜ ጅራቷ ረዘመ፣ ረዘመ፣ ረዘመና አፍንጫው ውስጥ ገባ።

«እንጥሽ!» ከመሬት ተነሣ። «እንጥሽ!» ከደኑ ወጣ። «እንጥሽ!» ባሕሩን ተሻግሮ ጠፋ።

ማሩካ መንደርተኛውን ሰበሰበች። «ከወንዙ ወዲያ ማንም ወጥመድ አይጥልም» አለች።

«አንቺ ነሽ ይህን የምትዪን?» አሏት።

«አዎ፣ እኔው ነኝ። ያጠፋሁትን ስለማውቅ ነው።»

መንደርተኞቹም ተስማሙ።

የዛፍ ካንጋሮ አንድ አንድ ብቻ ነውና የምትወልደው፣ ደኑ ቶሎ አልሞላም። ማሩካ ስትጠብቅ፣ ስትጠብቅ፣ አንድ ጠዋት አምስት ሆነው ቅጠል ሲበሉ አየች። ደስ አላት። የተበሉትን ሁለቱን የመለሰላት ግን የለም።

ልጆች፣ ሁሉን ዛሬ የጨረሰ ነገ ባዶ ደን ያያል። ያጠፋ ሰውም ማዘን ብቻ አይበቃውም፤ የቀረውን ይጠብቅ።

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በስኳር ድንች አብሱ!